ከአራት ቀጥሎ

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፈተና ሳወጣ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልደፍርም፤ ሦስት ቁጥር ደርድሮ «ቀጥሎ የሚመጣው ስንት ነው?» የሚለውን። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አንድ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ሰው ላስገድል ነበር» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ነገሩ በእርግጥ ያስቃል፤ ውሸት ግን አይደለም።

በ1975 ዓ.ም. አሥር ዓመቴ ነበር፤ ዲላ፣ አምስተኛ ክፍል። አባቴ ኸድሩ መናኸሪያው አጠገብ ገመድ፣ ምስማርና ፋኖስ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ቤት ውስጥ ስልጥኛ፣ ከገበሬው ጋር ጌዴኦኛ፣ ከሾፌሩ ጋር ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛም ለገበያ የምትበቃውን ያህል ያውቃል። በአራት ቋንቋ መከራከር የሚችል፣ በአንዱም ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ነበር። ስለዚህ እኔ ፊደል የለየሁ ዕለት በቤታችን ሚኒስትር የተሾመ ያህል ሆነ። ወረቀት የተባለ ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ሳይቀር፣ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። የገባኝንም ያልገባኝንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፤ እሱም ለሁሉም እኩል ራሱን ይነቀንቃል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ለላብ አደሮች ቀን፣ የእኛ ቀበሌ ከላይኛው ቀበሌ ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ገጠመ። ያሸነፈው ቡድን አውራጃውን ወክሎ አዋሳ ይሄዳል። አዋሳ! ሐይቅ አለ፣ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ምን እንደሚመስል አባቴን ስጠይቀው «ቀንዷ የወለቀ፣ ብዙ የበላች ላም ናት» ብሎኝ ነበር። እሷን ሳላይ መሞት አልፈልግም ነበር። ቡድናችን ሦስት ነው፤ አትጠገብ ለታሪክና ለጂኦግራፊ፣ አህመድ ለፖለቲካ፣ እኔ ጦይባ ለሒሳብ። አህመድ የሶሻሊስት አገሮችን ዋና ከተሞች በእንቅልፍ ልቡ ይደረድራቸዋል ይባል ነበር፤ እናቱ ግን በእንቅልፍ ልቡ የሚጠራው ዳቦ ነው ብላ ለእናቴ ነግራታለች።

የሒሳብ አስተማሪያችን ጋሼ ጴጥሮስ ይባላል። የዱመርሶ መንደር ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኪሱ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው አንድ ኮት ያለው። ልጅ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አይልም፤ «እንዴት አገኘኸው?» ነው የሚለው፤ ያልተሳሳተውንም እንዲሁ ስለሚጠይቅ ማናችንም ልክ መሆናችንን ቶሎ አናውቅም። መንገድ ላይ ሲሄድ አፉን ሳይከፍት መዝሙር ያዜማል። ያኔ ቃሉ የጠፋበት ይመስለኝ ነበር። ያደገባት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት መታሸጓንና ቃሉ ጠፍቶት ሳይሆን ውጦት እንደነበር የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እንደ እሱ ላለ ሰው በዚያ ዘመን ለመጥፋት አንድ መጥፎ ወረቀት ይበቃው ነበር።

የውድድሩ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከአውራጃ የመጣው ዳኛ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እየጮኸ ያነባል። የሒሳብ ጥያቄዎቹን ያወጡት የየትምህርት ቤቱ መምህራን ናቸው፤ መልሶቹ ማኅተም ተመትቶባቸው በፖስታ ታሽገው ዳኛው እጅ ላይ ነበሩ። የፊተኛው ወንበር ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አንቀላፍቷል። እኩል ለእኩል ሆነን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ የሒሳብ ጥያቄ፤ ለእኔ።

«አንድ! ሁለት! አራት! ቀጥሎ የሚመጣው ስንት ነው?»

ከአንድ ወደ ሁለት አንድ ጨመረ። ከሁለት ወደ አራት ሁለት ጨመረ። እንግዲህ አሁን ሦስት መጨመር አለበት። ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም፤ ጉማሬዋ ከነአፏ ታየችኝ።

«ሰባት!»

ዳኛው ፖስታውን ቀደደ። «ስህተት ነው። ስምንት!»

ላይኛው ቀበሌ ከበሮውን አቀለጠው። እኔ ግን ካለሁበት አልተነቃነቅኩም። «ሰባት ነው!» አልኩ። ዳኛው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ስሚ ልጄ። አንዱ የተማረ አንዱን ያስተምራል፤ ሁለት ሆኑ። ሁለቱ ሁለቱን፤ አራት ሆኑ። አራቱ አራቱን ሲያስተምሩስ? ስምንት! ሰባት ናቸው ካልሽኝ እኮ አንዱ ከመሠረተ ትምህርት ጠፍቷል ማለት ነው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ታረቀኝ ነቅቶ ምን እንደተባለ ሳያውቅ አጨበጨበ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ያኔ ከኋላ ጋሼ ጴጥሮስ ተነሣ። «ይቅርታ ጓድ ዳኛ፤ ይህን ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ያለችውም ትክክል ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሰጠሁ ሁለት መንገድ ክፍት ቀርቷል። እኔ ስምንትን ብቻ አሰብኩ፤ እሷ ሰባትን አየች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዳኛው ወረቀቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ አሳየ። «ማኅተሙ የተመታው ስምንት ላይ ነው» አለ። ክርክሩ በዚህ አለቀ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

አባቴ ለዚያ ቀን ሲል ሱቁን ዘግቶ ነበር። ቤት እንደገባን ጫማውን ሳያወልቅ መንጎራደድ ጀመረ። «ልጄን በደሏት! መምህሩ ልክ ናት እያለ! ያወጣው ሰው እየመሰከረ!» እናቴ ጀሚሊያ ጎመን እየቀነጠሰች ስትሰማ ቆየችና «ቁጥሩ እንዴት ነበር ያልሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። አሰበች። «አንቺ መጣሽ፤ አንድ። ወንድምሽ መጣ፤ ሁለት። መንታዎቹ መጡ፤ አራት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ አምስት ነው» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አባቴ መንጎራደዱን አቁሞ አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ይስቅ ጀመር። እኔ ለእናቴ አዘንኩላት። ሒሳብ ባለመማሯ መሳቂያ ሆነች ብዬ፣ ስምንትም ቢሆን ሰባትም ቢሆን አምስት ግን በምንም መንገድ እንደማይሆን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። እህቴ ሽፋ መስከረም ላይ ስትወለድ እንኳን ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ አቤቱታ ጸሐፊው ወልዱ ዘንድ ወሰደኝ። ወልዱ በቀበሌው በር አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የቀለም ብልቃጥ ይዞ የሚቀመጥ፣ ንግግሩ ሁሉ ማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት የሚሸት ሰው ነበር። አባቴ በአማርኛ ሲናገር እኔን ወንድ ያደርገኛል፤ ያን ዕለትም አደረገኝ።

«ጻፍ። ልጄ ሰባት አለ። ሰባት ልክ ነው። መምህሩ ራሱ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ብሎ ሕዝብ ፊት መሰከረ። አንድ ነጥብ ይስጡት። በቃ።»

ወልዱ ብዕሩን አስቀምጦ በሐዘኔታ አየው። «ጋሽ ኸድሩ፣ አቤቱታ እንዲህ ራቁቱን አደባባይ አይወጣም። ልብስ ይፈልጋል።»

«አልብሰው እንግዲህ» አለ አባቴ።

ሲያለብሰው አንድ ሰዓት ፈጀ። አንዱን ገጽ ቅዳሴ በሚመስል ድምፅ አነበበልን፤ የአባቴ ስም ነበረበት፣ የእኔም ነበረበት፣ ሰባትም ነበረች። አባቴ ስሙን በሰማ ቁጥር ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን ገጽ ግን ወልዱ «ይኼ ያው ማጠቃለያው ነው» ብሎ ሳያነበው ለጣት ፊርማ ዘረጋው። አባቴ ሞኝ አልነበረም። ወረቀቱን አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ። «አንብቢው» አለኝ በስልጥኛ።

በልቤ አነበብኩት። «…መምህሩ ሁለት መልስ ያለውን ጥያቄ ሆን ብሎ በማውጣት የወጣቱን አንድነት ለመከፋፈል አሻጥር የሸረበ ስለሆነ፣ ጥፋቱንም በሰፊው ሕዝብ ፊት በአንደበቱ ያመነ በመሆኑ፣ ተገቢው አብዮታዊ እርምጃ እንዲወሰድልኝ…» ይላል። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አደባባይ በቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፉ፣ ሬዲዮ ላይ የሚነገሩ ትልልቅ ቃላት ነበሩ። ለእኔ አንዲት ነጥብ ይህን ያህል ትልልቅ ቃል መሰለፉ ልቤን በኩራት ነፋው።

«እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

«በጣም ያምራል አባዬ።»

አውራ ጣቱን ወይን ጠጅ ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ከግርጌው አሳረፈው። እኔ አንብቤለት ነው የፈረመው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በአራተኛው ቀን ጠመንጃ ያነገበ አብዮት ጠባቂ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። «መምህር ጴጥሮስ፤ ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል።» ጋሼ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፤ እጁ ግን ኪሱን ወዲያው አላገኘውም። «ገጽ ሠላሳ አራትን ሥሩ» አለን። ሠላሳ አራትን ሠራን፤ ሠላሳ አምስትንም ሠራን፤ አልተመለሰም። በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ ምንም እንዳልሆነ አስተማረን። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠባቂው እንደገና መጣ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። መንገድ ላይ ሲሄድ ማዜሙን ተወ።

«በአንቺ ምክንያት ነው» አለችኝ አትጠገብ። «ሰባት ልክ ነው ስላለ ነው የያዙት። ስምንት በል እያሉት ነው።»

ሌላ ምክንያት በፍጹም አልመጣልኝም። የአባቴ ወረቀት ነጥብ ሊያመጣልኝ የሄደ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ጋሼን የያዘችው የእኔ ሰባት ናት። ለማረጋገጥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ዞሬ እንሰቱ መሀል ገባሁ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም።

«እንዴት አድርጎ ሰባት ይሆናል!» የጓድ ታረቀኝ ድምፅ ነው። ጠረጴዛ ተመታ።

ጋሼ የሆነ ነገር በዝግታ ተናገረ።

«አይሆንም አልኩህ! ስምንት ነው!»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

«ስንት ጊዜ ነው ከመጀመሪያው የምንጀምረው? ሰው መሳይ በሸንጎ አድርገህ ልታዋርደኝ ነው?» እንደገና ጠረጴዛው ተመታ። ከዚያ አንድ ሰው ከሆዱ ሲያቃስት ሰማሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ያቃሰተው ጋሼ እንዳልሆነ ለማወቅ ሌላ አንድ ቀን ጠበቅኩ።

ያን ምሽት እራት አልበላሁም። ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ሄጄ ስምንት ነው ማለት። ሰባት ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼም ያውቃል፤ ግን የእኔ ልክ መሆን ጋሼን አያድነውም። በማግሥቱ መንገዱን ሁሉ «ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት» እያልኩ ሄድኩ። ኮሶ የጠጣሁ ያህል መረረኝ።

«የት ነው?» አለኝ በር ላይ ያለው ጠባቂ።

«ለጓድ ሊቀመንበር ሒሳብ ልነግረው ነው።»

ሳቀና አሳለፈኝ። በሩን ከፍቼ አብዮታዊ ሰላምታ ለመስጠት ቀኝ እጄን ጨብጬ አነሣሁ፤ ግራ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግራውንም ጨመርኩት፤ ቀኙን ማውረድ ግን ረሳሁ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አድርጌ እንደ ምርኮኛ ቆምኩ።

ጋሼ ጴጥሮስ ጠመኔ ይዞ ከብረት ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሟል። የቁም ሣጥኑ አረንጓዴ በር ከላይ እስከ ታች ቁጥር ተጽፎበታል። ጓድ ታረቀኝ ጠረጴዛው ላይ ጎብጦ ተቀምጧል። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ቡና ጆንያ የሚሸከም ሰው ነበርና በዚያ እጁ ላይ እርሳሷ የክብሪት እንጨት ነው የምትመስለው። ላብ በላብ ሆኗል። ፊት ለፊቱ ደብተር አለ፤ ደብተሩ አጠገብ የተጻፈባቸው ወረቀቶች አሉ፤ እንዳይበሩ ሽጉጡን ጭኖባቸዋል። ሲያየኝ ባርኔጣውን ደብተሩ ላይ ወረወረ።

«ምንድን ነው?»

«ስምንት ነው» አልኩ። «ተሳስቼ ነው። ሰባት አይደለም። ጋሼ ምንም አላጠፋም፤ ለእኔ አዝኖ ነው። ልቀቁት።»

ሁለቱ ተያዩ። «ማን ላከሽ?» አለ ጓድ ታረቀኝ።

«ማንም።»

ጋሼ ጎንበስ አለልኝ። ፊቱ እንደ ዘወትሩ አልነበረም። «ጦይባ፣ አምነሽበት ነው ስምንት ያልሽው?»

መዋሸት ነበረብኝ። ለዚያ ነበር የመጣሁት። ግን በእሱ ፊት አቃተኝና «አላመንኩም» ብዬ ጮኼ አለቀስኩ።

ጓድ ታረቀኝ ወንበሩን እያንኳኳ ተነሣ። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጠመኔውን ከጋሼ እጅ ወስዶ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሟል። «አታልቅሺ። ነይ ወዲህ። አንድ፤ አየሽ? ሁለት እንዲሆን ስንት ጨመርን?»

«አንድ።»

«ከሁለት ወደ አራትስ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ አሁን የምንጨምረው?»

«ሦስት።»

«ሰባት!» ቁም ሣጥኑን በመዳፉ ሲመታው ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ ጠረጴዛውንም ሲመታ የነበረው እንዲህ ነው። «ቀጥሎ አራት ስትጨምሪ?»

«አሥራ አንድ።»

«ቀጥሎስ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ሃያ ሁለት! ሃያ ዘጠኝ! ሠላሳ ሰባት!» ቁም ሣጥኑ አለቀበትና ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ «በስምንቱም በኩል ቢኬድ ያስኬዳል። በጪጩም ብትመጪ፣ በወናጎም ብትመጪ ዲላ ትገቢያለሽ። ልክ ነሽ፤ ዳኛውም ልክ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እኔ ታረቀኝ ብያለሁ!» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነገሩ ድንገት ሲገባው የማየው ዓይነት ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ያየሽውን ለማንም አትተነፍሺም» አለኝ። የመንግሥት ምስጢር መሆኑ ገባኝና ማልኩ። ምስጢሩ ሌላ ነበር። ጓድ ታረቀኝ የስድስተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በሒሳብ ምክንያት ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ሦስተኛውን ለመፈተን በድብቅ እያጠና ነበር። በዚያ ክረምት መግቢያ ማንም እንዳያየው ይርጋ ጨፌ ድረስ ሄዶ ተፈተነና አለፈ።

በሳምንቱ ከቀበሌው ደብዳቤ ወጣ፤ ጥያቄው ሁለት ትክክለኛ መልስ ስላለው ሁለቱም ቡድኖች አዋሳ ይሂዱ የሚል። ስድስት ልጆች ቡና በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ እየዘፈንን ሄድን። አዋሳ ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍን። ጉማሬዋም ከውኃው ያወጣችልን ሁለት ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ግን ጋሼ ጴጥሮስን ከእስር ያስፈታሁ ሰው ስለነበርኩ ሽንፈቱ አልተሰማኝም። አባቴ በበኩሉ መናኸሪያ ለወረደ መንገደኛ ሁሉ «ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አገኘሁ!» ይል ነበር። ጋሼንም ምስክሩ ስለነበረ ወደደው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየአረፋው እየመጣ ሽሮና እንቁላል የሚሠራለት እንግዳችን ጋሼ ጴጥሮስ ሆነ።

ከስድስት ዓመት በፊት ጋሼ ጡረታ ሲወጣ የድሮ ወረቀቶቹን በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ፤ እኔም እንደ እሱ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይጠቅሙሻል ብሎ። ካርቶኑን ሳልከፍተው ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሐምሌ ስከፍተው ከታች ሁለት ገጽ የቆየ ወረቀት አገኘሁ። በጀርባው በጎረምሳ እጅ የተጻፉ የሚመስሉ ትልልቅ ቁጥሮች አሉ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7። ገለበጥኩት። የወልዱ ጽሑፍ ነው። ከግርጌው ወይን ጠጅ ጣት አለ። ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት።

ዱመርሶ ሄድኩ። ጋሼ ቡናው መሀል አረም ሲነቅል አገኘሁት። ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። «ያኔ የመጀመሪያው ቀን» አለኝ፣ «ታረቀኝ ይህን ፊቴ አድርጎ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር። ማንበብም ይከብደው ነበር። ‹ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ› የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ‹እንዴት ነው ሁለት መልስ የሚኖረው?› አለኝ። ቅርብ ያለው ወረቀት ይኸው ነበር፤ ገልብጬ ቁጥሮቹን አጻፍኩት። አልገባውም። ‹ነገ ተመለስ› አለኝ። አሥር ቀን አስተማርኩት። አሥሩንም ቀን ወረቀቱ ከሽጉጡ ሥር ነበር። ወደ አውራጃ ሊልከውም ይችላል፣ ላይልከውም ይችላል። በየቀኑ እሱን እያየሁ ነበር የማስተምረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ እጅሽን ሰቅለሽ ገባሽ። አንቺን ሊያባብል ሲል ነው ነገሩ ለእሱም የገባው። ስትወጪ ወረቀቱን አንስቶ ‹ውሰደው፤ ጀርባው ለመለማመጃ ይሆንሃል› አለኝ።»

«ለምን ለአባቴ አልነገርከውም? ይህን ሁሉ ዓመት አብረኸው እየበላህ!»

«አባትሽ የጠየቀው አንድ ነጥብ ነው። ሌላው የወልዱ ነው።»

«እኔ አንብቤዋለሁ» አልኩት። «ሳይፈርም በፊት። ‹ያምራል› ያልኩት እኔ ነኝ።»

አየኝ፤ ዓይኖቹ እንባ እስኪያቀሩ ሳቀ። «አምስተኛ ክፍል ነበርሽ እኮ! አማርኛ አስተማሪሽ ይጠየቅበት፤ እኔ የሒሳብ ነኝ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በዚያው ቀን አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ከእኔ ይሻላል። ልነግረው ቆርጬ ነበር። ጋሼ ቢምረውም እውነቱን ማወቅ አለበት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይቅርታ ይጠይቀው ብዬ። በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ቦርሳዬን ስከፍት የወረቀቱን ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ናት?»

«አቤቱታህ ናት አባዬ። ያቺ የሰባቷ። ጋሼ ጴጥሮስ አስቀምጧት ኖሮ ነው።»

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ወላሂ?» እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። በጣቱ ግርጌውን ፈልጎ፣ ማየት ባይችልም፣ ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ ዳሰሰው። «አየሽ» አለኝ፣ «ደብተር አልያዝኩም፣ ትምህርት ቤት በር ላይ አልቆምኩም። በሕይወቴ ለልጆቼ ያስጻፍኩት ወረቀት ይህ ብቻ ነው።» መልሶ ሰጠኝ። «አንብቢልኝ።»

አባቴን ያን ያህል የወደድኩበት ሰዓት የለም። ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

«‹ልጄ ጦይባ ሰባት ብላለች። ሰባት ልክ ነው። መምህሩም ሕዝብ ፊት መስክሮላታል። አንድ ነጥብ ይሰጣት። አመልካች ኸድሩ።›»

አባቴ እያንዳንዷ ቃል ላይ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጠበቀ።

«ሌላስ?»

«በቃ፤ ይኸው ነው።»

«እንዴት በቃ!» ምርኩዙን አነሣ። «ያ ወልዱ በገጽ ነበር እኮ የሚያስከፍለው! የሁለት ገጽ ነው የተቀበለኝ!»

ሁለቱንም ገጽ አየኋቸው፤ ከላይ እስከ ታች ክፍት ቦታ አልነበራቸውም።

«ሁለት ገጽ ነው አባዬ» አልኩት። «ፊደሉን በትልልቁ ጽፎት ነው።»